ከልጆች ጋር ወደ ዳናክል፦ መጀመሪያ ውሃው ይቆጠር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የአዲስ አበባ ነዋሪ ናቸው፤ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አላቸው። በሚቀጥለው የገና ሰሞን ከባለቤታቸውና ከ12፣ ከ8 እና ከ3 ዓመት ልጆቻቸው ጋር ዳናክል ወርደው ሦስት ሌሊት በድንኳን ማደር ይፈልጋሉ። የ67 ዓመት እናታቸውም «ሳልሞት ልየው» ብለዋቸዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። «መኪናዬ ጠንካራ ነው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል። ኤርታሌንና ዳሎልን በራሳችን ልናያቸው እንችላለን? ምን ያህል ውሃና ነዳጅ ልያዝ? ትንሹን ልጅ አያቱ ታቅፈውት ይሄዳሉ» ይላሉ።

ወንድሜ፣ ልጆችዎን ይህን አገር ለማሳየት ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል። አፋር ውስጥ መኪና መንዳት ከጀመርሁ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈኝ፤ አሁን ሌሎች ሾፌሮችን አሠለጥናለሁ፤ የገዛ ልጆቼንም እዚያው በረሃ ላይ ድንኳን አስተክያቸዋለሁ። ስለዚህ «ይቅርብዎ» አልልዎትም። ባቀዱት መልክ ግን አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን ውሃውን አብረን ስንቆጥር ይታይዎታል።

እርስዎ የጀመሩት ከሞተሩ ነው። ልጅ ይዞ በረሃ የሚወርድ ሰው ከጀሪካን ይጀምራል። እኔ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር እቆጥራለሁ። ከዚህ ውስጥ 5 ወይም 6 ሊትሩ ይጠጣል፤ የቀረው ለማብሰያ፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ሰው ሲግል ጨርቅ አርሶ ገላውን ለማቀዝቀዝ ነው። ለልጆች አልቀንስም። የልጅ ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይገባዋል፤ ጨዋታ ከያዘ ደግሞ ጠማኝ አይልም።

እንቁጠር። እናንተ ስድስት ናችሁ። ወደ እሳተ ገሞራው ኤርታሌም ሆነ ወደ ዳሎል የአሲድ ኩሬዎች የሚሄድ ሰው ሠመራ ላይ በክልሉ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት በኩል ተመዝግቦ ፈቃድ ያወጣል፤ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ መሪና የታጠቀ ጥበቃ ይመደብለታል። ይህን እንደ ወረቀት ማብዛት አይቁጠሩት፤ በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ ላይ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል። እንግዲህ ስምንት ሰው ሆናችሁ ማለት ነው፤ ሃይሉክስዎ የሚያስቀምጠው አምስት ነው። ሁለተኛ መኪና ግድ ሊሆን ነው፤ ከነሾፌሩ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰው በቀን 90 ሊትር ይፈልጋል። ሦስት ሌሊት ማለት አራት ቀን ስለሆነ 360 ሊትር፤ መኪና ቢበላሽ ብለው የአንድ ቀን መጠባበቂያ ሲጨምሩ 450፤ ለራዲያተር 20 ሊትር። 470 ሊትር ውሃ 470 ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 24 ያህል። ይህ ሁሉ ከሰው፣ ከድንኳን፣ ከናፍጣና ከስንቅ በላይ የሚጫን ነው። የተጫነ መኪና አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፤ የሰመጠ መኪና ሰው ያስቆፍራል፤ የሚቆፍር ሰው ደግሞ በሰዓት አንድ ሊትር ላብ ሊያፈስ ይችላል።

ስለዚህ ውሃ የምንጨምርበትን መንገድ ትተን ጉዞውን እንቀንስ። እኔ ብሆን ከአዲስ አበባ ተነሥቼ አዋሽ ላይ አንድ ሌሊት አድራለሁ፤ በማግስቱ ሠመራ እገባለሁ። ከዚያ ሰርዶ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፌ አፍዴራ ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ድንኳን እተክላለሁ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተኛ ጨዋማ ውሃ ነው፤ በዳርቻው ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ ጨው የሚመረትባቸው ነጫጭ ኩሬዎችም አጠገቡ አሉ። ልጆች እዚያ ቀኑን ሙሉ ቢውሉ አይሰለቻቸውም። ከሁሉ በላይ የአፍዴራ ከተማ ቅርብ ናት፤ ውሃ ይገዛል፣ ሰው አለ። ከዚያ እየተነሡ በማለዳ ከአስፋልት ወጥተው ከመሪው ጋር ጥቂት ኪሎ ሜትር ገብተው ይመለሳሉ። በዚህ ዓይነት የሚይዙት የሁለት ቀን ውሃ ብቻ ይሆናል። እናትዎና ትንሹ ልጅ ሠመራ ቢቀሩ (ወደዚህ እመለሳለሁ) ሰባት ሰው፣ 140 ሊትር፣ ከራዲያተሩ ጋር 160። በሁለት መኪና አራት አራት ጀሪካን። ይህ ሸክም ይቻላል።

ዳሎልን ለሌላ ዓመት ይተዉት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዚያ ቦታ የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፤ ይህ ሌሊቱም ቀዝቃዛው ወቅትም ተደምሮበት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ኩሬ አሲድ ነው፤ አንዳንዱ በፒኤች መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ከአየር የሚከብድ ስለሆነ ጎድጎድ ባለ ቦታ ይተኛል፤ የእርስዎ አፍንጫ የማያገኘውን የሦስት ዓመት ልጅ አፍንጫ ያገኘዋል። በዙሪያው ያለው የጨው ሜዳም ከላይ ሲታይ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ከቅርፊቱ ሥር ግን ብዙ ቦታ ጭቃ አለ። ከተለመደው መንገድ አሥር ሜትር ወጥቶ እስከ በሩ የሰመጠ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ኤርታሌ የምለው በየሳምንቱ ሊለወጥ ይችላል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፈንድቶ ነበር። ጎረቤቱ ሀይሊ ጉቢ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አመዱን ወደ ሰማይ ለቅቆ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ብሎም ህንድ ድረስ ሄዷል። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለብሰው አርብቶ አደሩ ለከብቶቹ ግጦሽ አጥቶ ነበር። ስለዚህ ለመሄድ አንድ ሳምንት ሲቀርዎት ሠመራ ደውለው የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቁ፤ «ቆዩ» ካሉዎት ይቆዩ። ከሄዱም ለመኪናዎ ትርፍ የአየር ማጣሪያ፣ ለልጆች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይያዙ። ከተራራው አፍ ላይ መውጣቱን ግን ለስምንት ዓመት ልጅም አልመክርም።

ውሃውን ቆጠርን፤ አያያዙ ደግሞ ከቁጥሩ እኩል ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ወርጄ ውሃውን በሙሉ በአንድ መኪና ጣሪያ ላይ አሰርሁት። ያሰርሁት እኔ ነኝ። ማታ ልናወርደው ስንል ሁለቱ ጀሪካኖች እጄ ላይ ቀለሉብኝ። የፖርቶ መጋላው አንድ ቡሎን ወጣ ብሎ ኖሮ፣ መኪናው በተናጠ ቁጥር ፕላስቲኩን ሲፍቀው ውሎ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ከፍቶበታል። ከመኪናው ጎን ላይ ከአቧራው መካከል አንድ ቀጭን የጭቃ መስመር ወርዶ ደርቋል፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ስወጣና ስገባ አላየሁትም። 40 ሊትር ሄደ። የቤቱ ትንሽ ልጅ በዚያች ማታ ራሷን አሟት እያለቀሰች እንባ አልወጣትም፤ ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ሌሊቱን በማንኪያ እያጠጣናት አነጋን፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ኋላ ተመለስን፤ ልጅቷም ደኅና ሆነች። ከዚያ ወዲህ ውሃን በአንድ ቦታ አላስርም፤ በየመኪናው ይከፈላል፤ ከጀሪካን ሥርና ጎን ብርድ ልብስ ወይም አሮጌ ከመነዳሪ ይገባል፤ በቆምን ቁጥር አንድ ሰው እየዞረ በእጁ ይዳስሳል። ይህን ሥራ ለ12 ዓመቱ ልጅዎ ይስጡት። ልጆች ኃላፊነት ሲሰጣቸው ከእኛ ይልቅ ያስተውላሉ።

እንባ አልወጣትም ያልሁትን ልብ ይበሉልኝ። ልጅ ውሃ እያነሰው መሆኑን ከሚያሳውቁት አንዱ ይህ ነው። ሌሎቹ ሽንት መቀነስና መጥቆር፣ የአፍ መድረቅ፣ ዓይን ወደ ውስጥ መግባት፣ ከወትሮው የተለየ ዝምታ ናቸው። ዝምታውን ይፍሩት፤ በረሃ ላይ ዝም ያለ ልጅ የሰከነ ሊመስል ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ፣ ጠማኝ ባይልም፣ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። ኦአርኤስ (በውሃ እየተበጠበጠ የጎደለውን የሰውነት ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ይያዙ፤ ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በትክክል ለክተው ይበጥብጡ። ልጅም ሆነ አዋቂ ግን ግራ ከተጋባ፣ ከዘባረቀ ወይም ገላው እንደ ምጣድ ከጋለ ይህ ጥም ብቻ አይደለም፤ ሕይወቱን ሊያሳጣው የሚችል የሙቀት ምት ነው። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብተው፣ ልብሱን አውልቀው፣ ገላውን ውሃ እያርከፈከፉ ያራግቡለት፤ ግራ የተጋባ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ በአፉ ምንም አይስጡት፤ እያቀዘቀዙት ወደ ሐኪም ይሂዱ። ቆጥቤ ላኑረው የሚባል ውሃ በዚያ ሰዓት የለም።

የገና ሰሞን መምረጥዎ ትክክል ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚያ አገር ቀዝቃዛው ነው። ቢሆንም ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ማንም ከጥላ አይወጣ። ሸራውን ከመኪናው ጎን ወጥረው ሥሩ ይቀመጡ፤ መኪና ውስጥ ልጅ አስተኝቶ መሄድ ለአፍታም ቢሆን አይሞከርም። ሌሊት አጎበር ያስፈልጋል፤ አፋር ወባ አለበት። ጠዋት ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም፤ ጊንጥ ያድርበታል።

ሰሞኑ የነቢያት ጾም ነውና፣ ቤተሰቡ የሚጾም ከሆነ እስከ ስንት ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ እንደሚቆዩ ከመነሣትዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ውሃ ሳይጠጡ መዋል እዚያ በረሃ ላይ አይቻልም። ምግቡስ ምንም አያስቸግርም፤ የእናቶቻችን ስንቅ ለእንዲህ ያለ ቦታ የተሠራ ነው። እንጀራ አይጫኑ፤ መሶቡ በተከፈተ በጥቂት ጊዜ ጠርዙ እየተቆለመመ ይደርቃል። ድርቆሽ ይያዙና ፍርፍር ያድርጉት። በሶ ስኳርና ጨው ጣል ተደርጎበት በውሃ ሲበጠበጥ ምግብም መጠጥም ነው፤ የእኔ ልጆች በረሃ ላይ ሌላ ነገር አይጠይቁኝም።

አሁን ወደ መኪናው። አራት ጎማ መጎተቱ ጥሩ ነው፤ የሚያወጣዎትም የሚያስቀርዎትም ግን በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ክዳኑን አጥብቀው የዘጉት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሠመራ ሲደርሱ እንደ ጨበጡት ተጨማድዶ ያገኙታል። ለልጆቹ ያሳዩአቸው፤ የታችኛው አገር አየር ከባድ ስለሆነ ነው። ጎማዎም ላይ ይኸው ይደርሳል፤ በከፍታው ለውጥ ብቻ መለኪያው ሁለት ሦስት ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ዝቅ ብሎ ሲያነብ፣ ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የለኩትን ይርሱትና ሠመራ ላይ በማለዳ፣ ጎማው ሳይነዳ፣ እንደገና ይለኩ። በአስፋልት 35 ከሆነ አሸዋ ሲገቡ ወደ 18 ወይም 20 ያውርዱት፤ ጎማው ተንጠፍጥፎ አሸዋውን ይረግጠዋል። ዳናክል ግን ንጹሕ አሸዋ ብቻ አይደለም። አሸዋው አልቆ እንደ ምላጭ የተሳለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጀምራል፤ አየሩ የጎደለ ጎማ ደግሞ እዚያ ላይ ጎኑ ይቀደዳል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ጎሚስታ ቢያገኝም አይጠገንም። ስለዚህ ጎማ መንፊያ ይኑርዎት፤ ድንጋይ ሲመጣ ቆመው ይንፉ፣ አሸዋ ሲመጣ ያስተንፍሱ፤ ያሰለቻል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። በየመኪናው ሁለት ሁለት ስኮርታ ይያዙ። አዋሽና ገዋኔ አካባቢ ደግሞ ምሳ ለመብላት ጥላ ፍለጋ ፕሮሶፒስ ከሚባለው ዛፍ ሥር አይቁሙ፤ መሬት የወደቀው እሾኹ ጎማ ይወጋል።

አሸዋ ከያዘዎት ነዳጅ አይርገጡ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር መቃብሩን ይቆፍራል። ሁሉም ይውረድ፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለውን አሸዋ በአካፋ ይጥረጉ፤ አየሩን ወደ 15 ያውርዱ፤ መሪውን ቀጥ አድርገው በመጡበት ዱካ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውጡ። ለክሪክዎ ሰፊ ጣውላ ይያዙ፤ ያለ ጣውላ አሸዋው ክሪኩን ይውጠዋል። ካልወጣ ሁለተኛው መኪና ይጎትታል። ሁለቱም ቢቆሙ ደግሞ ማንም በእግሩ እርዳታ ፍለጋ አይሂድ። መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ጥላ አለው፣ ውሃው እሱ ላይ ነው።

ናፍጣ ሎግያ ወይም ሠመራ ላይ ሙሉ ያድርጉ። በአስፋልት 100 ኪሎ ሜትር በ10 ሊትር የሚሄድ መኪና አሸዋ ላይ እጥፉን ሊጠጣ ይችላል፤ ለዚህኛው አጭር ጉዞ ከሙሉው ሌላ በየመኪናው 40 ሊትር ይበቃል። ነዳጅ በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር አለበትና ፈቃዱን ሠመራ ላይ አብረው ይጠይቁ።

«በራሳችን» ያሉትን አልረሳሁም። ካርታ ስልክዎ ላይ ያውርዱ፣ ጥሩ ነው። መሪዎ የሚያውቀውን ግን ካርታው አያውቀውም። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን አለፈ፣ ማን ታመመ፤ የሚያወራው ሰው ለእውነተኛነቱ ኃላፊነት አለበት። አንድ ቀን መሪያችን ግመል ከሚጠብቅ ሽማግሌ ጋር ግራር ሥር ተቀምጦ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ከተሳፋሪዎቼ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ጥሩንባ ሊነፋ እጁን ሲሰድ ያዝሁት። መሪው ተመልሶ «ከፊታችን ያለው ወንዝ ትናንት ማታ ወርዷል፤ በምሥራቅ እንዙር» አለን። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር፤ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ዞረን ስንመለስ ያየነው ደለል ድንኳን ልንተክል ያሰብነውን ደረቅ ወንዝ ሞልቶታል። መሪዎ ዳጉ ሲቀመጥ ሞተር ያጥፉ፤ ለሽማግሌውም ውሃ ያቅርቡ። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ እንዳያነሡ ለልጆቹም ይንገሯቸው።

እናትዎ። መጀመሪያ ሐኪማቸው ይጠየቅ፤ ከደም ግፊት መድኃኒቶች ውስጥ ሽንት የሚያበዙ አሉ፤ እነሱና ሙቀቱ አንድ ላይ የሰውነትን ውሃ ይጨርሳሉ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ እስከ ሠመራ ይምጡ፤ አዋሽ ፓርክ ላይ ሳላ በሜዳው ሲሮጥ ያያሉ፣ የአፋርን ምድር ይረግጣሉ። ከዚያ ትንሹ ልጅና እርሳቸው፣ ከአንድ አዋቂ ዘመድ ጋር፣ ሠመራ ሆቴል ይቆዩ። ልጅ ታቅፎ መሄድ ያሉትን ይተዉት፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የታቀፈ ልጅን የወጠምሻ ክንድም አይዘውም።

እርሳቸውም እዚያ በከንቱ አይቀመጡም። በረሃ የገባን ሰው ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ከእናት የተሻለ ጠባቂ የለም። የሁለቱን መኪኖች ሰሌዳ፣ የመሪውን ስምና ስልክ፣ የምታድሩበትን ቦታ፣ የያዛችሁትን ውሃ መጠን በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው። በየማታው 12 ሰዓት አፍዴራ ላይ ኔትዎርክ ካለበት ቦታ ይደውሉላቸው። እስከ 2 ሰዓት ካልደወሉ እናትዎ ወረቀቱን ይዘው ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ለማን እንደሚደውሉ፣ ከመለያየታችሁ በፊት ከሠራተኛው ጋር ፊት ለፊት ያስተዋውቋቸው።